ላይተሩን ከእጁ ነጠቅኩት፤ ከዚያስ?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው 22 ልጆች አሉኝ፤ አንዲት ረዳትም አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከእረፍት ሲገቡ ልጆቹን ስቆጥር አንድ ጎደለብኝ። ስፈልገው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መሀል ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። እጁ ላይ ላይተር ይዟል። እግሩ ሥር ጠርዙ የጠቆረ ወረቀት ወድቋል። ክው አልኩ። ጮህኩበት። ላይተሩን ከእጁ ነጥቄ፣ ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ክፍል አስገባሁት። አላለቀሰም። ዝም ብሎ ያየኝ ነበር።

ለርዕሰ መምህራችን ነገርኳቸው፤ ስብሰባ ተጠራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ ሻማም፣ ክብሪትም፣ የእሳት ወሬም እንዳይኖር ተወሰነ። የልደት ሻማ እንኳ ቀረ። ልጆቹ ግን ወሬውን አላቆሙም። የሚስሉት እሳት ነው። በብሎኬት ሠርተው የሚጫወቱበት ቤት ሁልጊዜ ይቃጠላል። ባለፈው አንዷ ልጅ በጨዋታ መሀል «እሳት ሲመጣ እኔ አልጋ ሥር እደበቃለሁ» ስትል ሰማኋት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሥልጠና ላይ ሳለሁ፣ በአንዳንድ አገሮች ትንንሽ ልጆች ከመምህራቸው ጋር ሆነው እሳት እንደሚያነዱ ሰምቻለሁ። ቢያንስ በሻማ እንጀምር ብዬ ርዕሰ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። «አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ነው ኃላፊነቱን የሚወስደው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ለእሳቸው ያልነገርኳቸው ነገር አለ። እኔ ራሴ የ6 ዓመት ልጅ ሳለሁ ተቃጥያለሁ። ጠባሳው እስከ ዛሬ ቀኝ ክንዴ ላይ አለ። ክብሪት ስጭር እጄ ይንቀጠቀጣል። ታዲያ እኔ ነኝ ስለ እሳት የማስተምረው? ወይስ እሳቸው እንዳሉት ነገሩን ልርሳው? ልጁስ? ከዚያ ቀን ወዲህ ይሸሸኛል። ምን ልበለው?

እጇ የሚንቀጠቀጥ መምህርት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ እሳት ነው። እኔን ግን ቀድማ የያዘችኝ «ጮህኩበት» የምትለው ቃልሽ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ እሷን እናንሳ። ላይተሩን መንጠቅሽ ትክክል ነው። እንዲያ ባለ ሰዓት ቆሞ የሚመክር ሰው የለም። ጩኸትሽም ከድንጋጤ የመጣ ነው፤ እንዲያ የሚደነግጠው ደግሞ ልጁን የሚወድ ሰው ነው። ራስሽን አትውቀሺ። ልጁን ግን እንዲሁ እንደሸሸሽ እንዲቀር አትተዪው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስታገኚው ፊቱ ምን ይመስል ነበር? ተንኮል ነበረበት? ወይስ ቁጢጥ ብሎ ጉንዳን የሚያይ ልጅ ፊት ነበር? እኔም ለብዙ ዓመታት ከትንንሽ ልጆች ጋር ሠርቻለሁ። ክብሪት ይዞ የተያዘ ልጅ አጋጥሞኛል። ቤት ላቃጥል ብሎ የተነሣ ግን አንድም አላየሁም። ሁሉም «ምን ይሆን?» ብለው ነው የጫሩት።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ዳንኤል ፌስለር የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ እሳት የዕለት ተዕለት መሣሪያ በሆነባቸው ማኅበረሰቦች ልጆች እሳትን እንዴት እንደሚማሩ ተመልክቷል። እዚያ ልጆች ገና በትንሽነታቸው ወደ እሳት ይሳባሉ። ትልልቆቹን እያዩ፣ እየሞከሩ፣ ወደ አሥር ዓመት ሳይደርሱ አያያዙን ይችሉበታል። ከዚያ በኋላ ጉጉቱ ይበርዳል። እሳት ሥራ ይሆንባቸዋል፤ በቃ። እሳት በማይታይባቸውና በማይነካባቸው ማኅበረሰቦች ግን ጉጉቱ እስከ ጉርምስና ይዘልቃል። ኖርዌያዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሳንድሴተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ልጆች የሚወዷቸውን አስፈሪ ጨዋታዎች በስድስት ስትመድብ፣ አንዱ ምድብ እንደ እሳትና ጥልቅ ውሃ ባሉ አደገኛ ነገሮች አጠገብ መጫወት ነበር። ከፍታ መውጣትና መሯሯጥም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። ያንቺ ልጅ ከሌሎች ልጆች የተለየ ነገር አላደረገም ለማለት ነው።

ታዲያ አደጋው የቱ ጋ ነበር? እስቲ ያየሽውን እንደገና እዪው። ልጁ ጠባብ ቦታ ተወሽቋል። ከግድግዳና ከአጥር መሀል መውጫው አንድ ብቻ ነው። ወረቀቱ እግሩ ሥር ነው። ውሃ የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም አያየውም። ልጆች እሳትን ይዘው ጥግ የሚገቡት ትልቅ ሰው ካየ እንደሚጮህ ስለሚያውቁ ነው። ስብሰባው ላይ የተላለፈው ውሳኔ የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው። የእሳት ወሬ ከክፍል ሲባረር ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ይሄዳል። ልጆቹ አንቺ ሳትኖሪ መማራቸውን ይቀጥላሉ።

ይህን ስል ርዕሰ መምህርሽን እየወቀስኩ አይደለም። እሳቸው የሌላ ሰው ልጆች አደራ አለባቸው፤ የእያንዳንዱን ወላጅ ፊት የሚያዩት እሳቸው ናቸው። «ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» ማለታቸውም በሩን መዝጋታቸው ብቻ አይመስለኝም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ ይፈልጋል። መልስ ያጣሽው ጥያቄው መልስ ስለሌለው ሳይሆን፣ በወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ይዘሽ ስላልሄድሽ ነው። እሱን እንሠራዋለን።

ከዚያ በፊት ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ያጣሁት ነገር አለ። ላይተሩ ከየት መጣ? ማንም የጠየቀ አይመስልም። ከቤት ከመጣ ወላጆቹን በእርጋታ ማነጋገር ያስፈልጋል። ከግቢው ከተገኘ ደግሞ የጣለው ትልቅ ሰው ነው። ብዙ ሰው ልጅ ላይተር መለኮስ አይችልም ብሎ ያስባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ተራ ላይተሮች ትንንሽ ልጆች እንዳይለኩሷቸው ተደርገው እንዲሠሩ ሕግ ተደንግጓል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 85ቱ መለኮስ እንዳይችሉ ነው። 15ቱ ቢለኩሱትም ላይተሩ ፈተናውን ያልፋል። ይህንን ቁጥር ለርዕሰ መምህርሽም ለወላጆችም ንገሪ። ክብሪትና ላይተር ልጅ የማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። ሻማ አስተማርሽም አላስተማርሽም ይህ አይቀርም።

ልጆቹን ደግሞ አንድ ነገር ከነገ ጀምሮ ማስተማር ትችያለሽ፤ እሳትም ፈቃድም አይፈልግም። ክብሪት ወይም ላይተር ወድቆ ካገኛችሁ አትንኩት፤ መጥታችሁ ንገሩኝ። ሲነግሩሽ ደግሞ መልስሽ «አመሰግናለሁ» ይሁን። ፊትሽ እንዳይለዋወጥ ተጠንቀቂ። የነገረሽን የመጀመሪያውን ልጅ ከተቆጣሽው ሁለተኛው አይነግርሽም።

አሁን ስለ እጅሽ እናውራ።

ያኔ የ6 ዓመት ልጅ ነበርሽ። ያኔ ከጎንሽ ማን ነበር? ስትቃጠዪ ተጽናንተሻል ወይስ ተቆጥተውሻል? ለእኔ ባትመልሺልኝም ግድ የለም። ለራስሽ ግን መልሺው። ምናልባት ያን ዕለት ከግድግዳው ጀርባ ያየሽው ልጅ ያንቺንም ዕድሜ ይዞ ነው የተቀመጠው። የጮኸችው መምህርቷ ብቻ ላትሆን ትችላለች፤ ያቺ የተቃጠለችው ልጅም አብራ ጮኻ ይሆናል።

መንቀጥቀጥሽ ከዚህ ሥራ አያግድሽም። እሳትን የማይፈራ ሰው ለልጆች እሳት ባያስተምር ይሻላል። ግን ልጆች ከቃልሽ በፊት እጅሽን ነው የሚያዩት። እጅሽ እየተንቀጠቀጠ «አትፍሩ» ብትያቸው የሚማሩት መንቀጥቀጡን ነው። ስለዚህ አትቸኩዪ። ቤትሽ፣ ማታ፣ ማንም በሌለበት ጀምሪ። ወፍራምና አጭር ሻማ ምረጪ፤ ቀጭኑ ይወድቃል። አሸዋ በሞላ ሰፊ የብረት ትሪ ላይ ትከዪው። አጠገቡ አንድ ጆግ ውሃ አስቀምጪ። ጸጉርሽን እሰሪ፣ እጅጌሽን ጠቅልዪ። ክብሪቱን ከሰውነትሽ ወደ ውጭ ጫሪው። ለኩሺና ተቀመጪ። አምስት ደቂቃ ብቻ እዪው። ከዚያ አጥፊው። በማግስቱ እንደገና። አንድ ሳምንት ሊበቃሽ ይችላል፤ ሁለት ወር ሊፈጅብሽም ይችላል። ካልተቻለሽ ደግሞ ረዳትሽ ትለኩስ፤ አንቺ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠሽ ጠይቂ፣ አስረጂ። ይህ ሽንፈት አይደለም። እንዲያውም ሁለት ትልልቅ ሰው ያስፈልጋል፤ አንዷ እሳቱን ታያለች፣ ሌላዋ ልጆቹን።

ያ ትዝታ እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ቀን በቀን የሚመጣብሽ ከሆነ ግን ሻማውን አቆዪውና መጀመሪያ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። ልጆቹ ይደርሳሉ።

ሻማው ክፍል ውስጥ የገባ ቀን ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ስለምወደው ነው። 22ቱን በአንዴ አታምጪያቸው። አራት ወይም አምስት ልጆች ይበቃሉ፤ ሌሎቹ ከሌላ ሰው ጋር ሌላ ክፍል ይሁኑ። የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ይውለቅ፤ ሻርፕ፣ የጃኬት ገመድ፣ የተለቀቀ ጸጉር። እጃቸውን በአልኮል ያጸዱ ልጆች ካሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቂ፤ የእጅ ማጽጃ አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉም በደንብ አይታይም። ልጆቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጡ። ትሪው መሀል ነው፤ የማንም እጅ ተዘርግቶ አይደርስበትም። ከዚያ ለኩሺ። ዝም በዪ።

ዝምታው አይርዘምብሽ። ልጆች እሳት ሲያዩ እንዴት ጸጥ እንደሚሉ ታዪያለሽ። «ምን ይታያችኋል?» በያቸው። አንዱ ቢጫ ይላል። ሌላዋ ጠጋ ብላ ታይና ከሥሩ ሰማያዊ ነው ትላለች። ክሩ አጠገብ ጠቆር ያለ ቦታ እንዳለ የሚያስተውል ልጅም አይጠፋም። «የሚነደው ምንድን ነው?» በያቸው። ክሩ ነው ይላሉ፤ ትልልቅ ሰዎችም እንዲሁ ነው የሚመስላቸው። ነገሩ ሌላ ነው። ሰሙ በሙቀት ይቀልጣል፣ በክሩ ይወጣል፣ ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል፤ የሚነደው ያ እንፋሎት ነው። ይህን ማሳየት ትችያለሽ። ሻማውን እፍ ብለሽ አጥፊው። ነጭ የጭስ ክር ወደ ላይ ይወጣል። ወዲያው የተለኮሰ ክብሪት ክሩን ሳታስነኪ ወደ ጭሱ አስጠጊ። ነበልባሉ በጭሱ ላይ ዘልሎ ይወርድና ሻማው ቦግ ይላል። ልጆቹ «እንደገና!» ይላሉ። እንደገና አሳዪያቸው። ማይክል ፋራዳይ የተባለው ታላቅ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ ለንደን ውስጥ ወጣቶችን ሰብስቦ ስድስት ትምህርት ሲሰጥ መነሻው ሻማ ነበር። አምስት ልጆችሽንም ሻማ ለብዙ ቀን ያስተምራቸዋል።

በሌላ ቀን ደግሞ ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ በሻማው ላይ ድፊበት። ነበልባሉ ያንሳል፣ ያንሳል፣ እልም ይላል። «ለምን?» አየር አልቆበት ነው። እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና አየር። አንዱን ስትነሺው ይሞታል። የ5 ዓመት ልጅ ይህን በዓይኑ ካየ አይረሳውም። ማሰሮውን ግን አንቺ ራስሽ አንሺው፤ ይግላል።

ስለ ሙቀቱም ከጎን ብቻ ይወቁት። አንድ በአንድ፣ አንቺ እጃቸውን ይዘሽ፣ መዳፋቸውን ከሩቅ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አቅርቢ። «ሙቀቱ የት ጀመረ?» ልጁ «እዚህ!» ሲል እዚያው አቁሚ። ያ ቦታ የእሱ ድንበር ነው፤ ራሱ ያገኘው። ከነበልባሉ በላይ ግን የማንም እጅ አይዘርጋ። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ከላይ በኩል እጅግ ርቆም ያቃጥላል። የልጆች ቆዳ ደግሞ ከእኛ ቀጭን ነው፤ እኛን ቆንጠጥ የሚያደርገን እነሱን ያቆስላቸዋል። መሞከር የማይፈልግ ልጅ ካለ አይገደድ። ከኋላሽ ቆሞ ማየትም መማር ነው።

ጠባሳሽን ቢያዩስ? ምናልባት አይተውታል። ከጠየቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ በአጭሩ። «ትንሽ ልጅ ሆኜ ተቃጥዬ ነው። አመመኝ። ከዚያ ዳነ።» ማስፈራሪያ አታድርጊው። የፈራ ልጅ ሲቃጠል ይደብቃል፣ የተደበቀ ቁስል ደግሞ ይብሳል። ስትቃጠሉ ቶሎ ንገሩኝ፣ ማንም አይቆጣችሁም በያቸው። አንቺና ረዳትሽ ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታውን በቃላችሁ እወቁት። ያልተጣበቀ ልብስና ጌጥ ቶሎ ማውለቅ፣ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማቆየት፣ ቀሪውን የልጁን ሰውነት ማሞቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መውሰድ። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አይደረግም። 20 ደቂቃ ረጅም ነው። በሰዓት ያዙት፤ ሰው ከ5 ደቂቃ በኋላ የበቃ ይመስለዋል።

ከቤት ውጭ ስለሚነደው እሳት የሰማሽው እውነት ነው። በእንግሊዝ አገር ብሪጅዎተር የሚባል ኮሌጅ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንማርክ ሄደው ትንንሽ ልጆች ውጭ በተፈጥሮ መሀል እንዴት እንደሚማሩ አይተው ተመለሱ። ተመልሰው በአገራቸው የጀመሩት «የደን ትምህርት ቤት» ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ እሳትም የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ከእነሱ አሠራር እኔ በጣም የምወደው እሳቱን አይደለም። እሳት ሳይነድ ብዙ ቀን መለማመዳቸውን ነው። በመሀል አራት ግንድ አስተኝተው አራት ማዕዘን ይሠራሉ። በሩቁ ዙሪያውን መቀመጫ ይደረደራል። ልጆቹ በመሀል አቋርጠው አይሄዱም፤ ከመቀመጫው ኋላ ዞረው ነው የሚገቡት። ወደ መሀሉ የሚጠጋ ልጅ አንድ ጉልበቱን አንበርክኮ ሌላውን አቁሞ ይቀመጣል። አንድ ነገር ቢፈናጠር ወደ ኋላ ቶሎ መነሣት እንዲችል ነው። መሀሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ይህን ደጋግመው ይጫወቱታል። እሳቱ የሚመጣው እግራቸው መንገዱን ከለመደ በኋላ ነው።

ይህን ባዶ እሳት አንቺም ማድረግ ትችያለሽ። አራት እንጨትና ክብ መቀመጫ በቂ ነው፤ ማንንም አያቃጥልም። እውነተኛው እሳት ግን ዘንድሮ የግድ አይደለም። ሠልጥነሽ፣ ወይም የሠለጠነ ሰው አብሮሽ ሆኖ ካልሆነ አትሞክሪው። ያ ቀን ከመጣ ጥቂት ነገር አስታውሺ። ቤንዚንም ሆነ ነጭ ጋዝ እሳቱ አጠገብ አይድረስ። ልጆቹ ጥጥ ይልበሱ፤ ናይለንና ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። አስም ያለበት ልጅ ጭሱ በማይደርስበት በኩል ይሁን። ከወንዝ የመጣ ድንጋይ እሳት ዳር አታድርጊ፤ ውስጡ የቀረው ውሃ ሲፈላ ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል። ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ እሳቱን በአሸዋ ቀብረሽ አትሂጂ። አሸዋው ፍሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ረመጡ ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ላዩ ደግሞ እንደማንኛውም አሸዋ ነው። በማግስቱ ባዶ እግሩን የሚሮጠው ልጅ ነው የሚያገኘው። በውሃ አጥፊው፣ በእንጨት አማስዪው፣ እንደገና ውሃ ጨምሪበት። የእጅሽን ጀርባ አስጠግተሽ ሙቀት እስኪጠፋ ድረስ ከቦታው አትነሺ።

ያቺ «አልጋ ሥር እደበቃለሁ» ያለችውን ልጅ አልረሳኋትም። ከደብዳቤሽ ሁሉ እኔንም እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት። ምክንያቱም ልጆች እሳት ሲነሣ እውነትም ይደበቃሉ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ። ከሚያስፈራቸው ነገር የሚሸሹት እንዲያ ነው። እሷን ለማስተማር ሻማም ስብሰባም አትጠብቂ። በጨዋታቸው ውስጥ ግቢ። «እሳት መጣ፤ ወዴት ነው የምንሄደው?» ወደ ውጭ። ጭስ ካለ ጎንበስ ብሎ፣ በእጅና በጉልበት፤ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ንጹሑ አየር ከታች ነው። ግቢ ውስጥ የመሰብሰቢያ ቦታችን የቱ ነው? አንድ ዛፍ ወይም አንድ ምሰሶ ምረጡ፤ ሁሌም እሱ ይሁን። አሻንጉሊት ረሳሁ ብሎ መመለስ የለም። የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጭንብልና በወፍራም ልብስ ሲመጣ ልጅን ያስፈራል፤ ሥዕሉን አሳዪያቸው፣ የጭንብሉን ድምፅ አንቺ ራስሽ አስመስዪው፤ ይህ ሰው ሊያወጣን ነው የሚመጣው በያቸው። ልብስ ሲቀጣጠል ደግሞ መሮጥ የለም፤ ቁም፣ ተኛ፣ ፊትህን በእጅህ ሸፍን፣ ተንከባለል። ይህን ከመውጫው ልምምድ ለይተሽ በሌላ ቀን አስተምሪው። አንዳንድ ልጅ ሁለቱን ይቀላቅልና ደወል ሲሰማ መሬት ላይ መንከባለል ይጀምራል።

ወደ ርዕሰ መምህርሽ ስትመለሺ እንግዲህ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። አንድ ገጽ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። ስንት ልጅ፣ ስንት ትልቅ ሰው፣ የትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ ውሃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚለኩስ፣ ክብሪቱ ማን ኪስ ውስጥ እንደሚሆን፣ መቼ እንደምታቆሚ፣ አንድ ልጅ ቢቃጠል ማን ምን እንደሚያደርግ። ከወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ እንደምትጠይቂም ጻፊ፤ እንቢ ያለ ወላጅ ልጁ በዚያ ሰዓት ደስ የሚል ሌላ ሥራ ይኖረዋል፤ አይገለልም። መጀመሪያ ልጆች ሳይኖሩ እሳቸው ፊት አሳዪያቸው። ጠባሳሽንም ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል። ከሌላ ሰው ቢሰሙት ደበቀችኝ ይላሉ። ካንቺ ከሰሙት ግን እሳት ምን እንደሚያደርግ የምታውቅ ሰው ናት ሊሉ ይችላሉ።

እንቢ ካሉሽ? ተቀበዪ። ተደብቀሽ እንዳትለኩሺ። ልጁን ከግድግዳው ጀርባ ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ እዚያ እንዳትገቢ። ባዶው እሳት፣ የመውጫው ልምምድ፣ ሥዕሉ፣ ጥያቄው፣ «ካገኛችሁ ንገሩኝ» የሚለው ሁሉ ይቀርልሻል፤ ትንሽ አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዘሽ ተመለሺ።

አሁን ወደ ልጁ። ለብቻው የምታገኚበት ጸጥ ያለ ሰዓት ፈልጊ። ቁመቱ ላይ ዝቅ በዪለት፤ በዓይንህ እየኝ ብለሽ ግን አታስገድጅው። እንዲህ በዪው። «ያን ቀን ጮኽኩብህ። ክንድህንም ጎተትኩህ። እንዳትቃጠልብኝ በጣም ፈርቼ ነው። መጎተቴ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ።» ከዚያ አቁሚ። ወዲያው «ግን አንተም» እንዳትዪ፤ ይቅርታውን ይበላዋል። ዝም ቢልም ይበቃል። በሌላ ቀን፣ አጠገብሽ መቀመጥ ሲጀምር፣ «ስትለኩሰው ምን አየህ?» ብለሽ ጠይቂው። ከልብሽ ጠይቂው። የሚነግርሽ ነገር ይኖረዋል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልጠየቀውም። ሰምተሽው ስታበቂ ሕጉን ንገሪው። እሳት ብቻውን የሚነካ ልጅ የለም፤ ማየት ሲያምርህ ግን ለእኔ ትነግረኛለህ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ተደብቆ መለኮሱን ከቀጠለ፣ ወይም ደግሞ ሲቆጣና ሲያዝን ወደ እሳት የሚሄድ ከሆነ፣ ያ ጉጉት ብቻ አይደለም። ያኔ ከወላጆቹ ጋር ሆናችሁ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። አሁን ግን እዚያ አልደረስንም።

እና የሻማው ቀን ከመጣ፣ የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ እሱ ይኑር። የውሃውን ጆግ ተሸክሞ የሚያመጣው እሱ ይሁን። ሙሉ አድርገሽ አትስጪው፤ ግማሽ ይበቃል፣ እንዳይከብደው።